ጣሪያ የሌለው ቦታ

ቦጎር፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ እህቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጊያለሽ? ጠዋት ጠዋት የሚነሳብሽ ራስ ምታት ጋብ አለልሽ? ላምፑንግ የቀሩት ባለቤትሽና ወንዱ ልጅሽ ደህና ናቸው? ቁንዶ በርበሬው ዘንድሮ እንዴት ሆነላችሁ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለአላህ ይሁን። ልጄ ዊናርቲም ደህና ናት፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካው እሑድን ጨምሮ ስለሚያሠራት በሠላሳ ስምንት ዓመቷ «ወገቤን» ማለት ጀምራለች። ባሏ ለሥራ ካሊማንታን እንደሄደ ነው፤ በዓመት አንዴ ለዒድ ብቅ ይላል። ሦስቱ ልጆች ግን ደህና ከመሆንም አልፈው አናቴ ላይ ወጥተዋል።

ደብዳቤ የምታነብልሽ ያረፍሽበት ቤት እመቤት እንደሆነች ጽፈሽልኛል። ለእርሷም ሰላምታዬ ይድረሳት። የእጅ ጽሑፌ እንዳያስቸግራት ፊደሎቹን ሰፋ ሰፋ አድርጌያቸዋለሁ።

እህቴ፣ ትናንት መናፈሻው ውስጥ መንታዎቹ ዛፎች ሥር ስትጠብቂን ውለሽ ሳታገኚን እንደተመለስሽ አውቃለሁ። ሐሙስ ደግሞ ወደ ላምፑንግ መመለሻሽ ነው። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ ነግሮሻል። የለመንሽኝ ነገር ትንሽ ነበር፤ ዓይንሽ ጨርሶ ሳይጨልም እነዚህን ልጆች አንድ ጊዜ በቅርብ ማየት። ያንን እንኳ አላደረግሁልሽም። ለምን እንዳልሆነ ላስረዳሽ፤ ሳስበው ግን እንደ አዲስ እበግናለሁ።

ጣጣው የጀመረው ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። ጋሊህ፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ «ዛፍ ለማየት ነው እሑዴን የማባክነው? ዛፍ በራችን ላይ የለም እንዴ?» ብሎ አልጋ ሥር ገባ። ታላቋ ኪናሲህ ደግሞ አምስት ቅጠል ሥላ፣ ስማቸውን ከሥር ጽፋ ለአስተማሪዋ ማስረከብ ስላለባት ከንጋት ጀምራ እርሳስ ስትቀርጽ ነበር። «ተይው አያዬ፣ ዘመዶቹ ዛፍ ላይ ስለሚኖሩ አፍሮ ነው» አለችኝ። እሱም እንደ ዝንጀሮው ዘሎ ወጥቶ ፀጉሯን ያዘ። ሁለቱን ሳላቅቅ አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ የወጣው እንደ ሬሳ የሚሸት ትልቅ አበባ አለ ስላልኩት ነው።

አረንጓዴው ሚኒባስ ጢም ብሎ ነበር። ሾፌሩ «እማማ፣ ትንሿን ጭንዎት ላይ፣ ትልቁን ኪስዎት ውስጥ ያድርጉልኝ» እያለ ይስቃል። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ስንወርድ ጋሊህን በአንድ እጄ፣ የአምስት ዓመቷን ቲያስን በሌላው ስይዝ በሙዝ ቅጠል የጠቀለልኩት ሩዝና የተጠበሰው ዓሣ መቀመጫው ላይ ቀረ። ሌሊቱን ተነስቼ የሠራሁት ነው። አሁን የሾፌሩ ቤተሰብ በልቶታል፤ ይባረክላቸው፣ ጨው ግን ያንሰዋል።

በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ እንዳትጠይቂኝ። ቦጎር በሙሉ ያን ቀን ዛፍ ናፍቆት ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ከፊታችን ሁለት ሰው ሲቀር ቲያስ እግሮቿን አጣምራ «አያዬ፣ መጣብኝ» አለች። ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ አምስቱንም ጊዜ «አልመጣብኝም» ብላለች። ይዣት ሄጄ ስመለስ ተራችን አልፏል። ከፊት ነበርን ብዬ ለማስረዳት ስሞክር ከኋላችን የነበረችው ወፍራም ሴት «እማማ፣ ተራ ዛፍ አይደለም፣ ቆሞ አይጠብቅም» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። እንደ አዲስ ከኋላ ጀመርን።

ውስጥ ገብተንም አልተሻለን። ሬሳ የሚሸተው አበባ አላበበም። እንደ ተዘጋ ጃንጥላ ቀጥ ብሎ የቆመ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። ጋሊህ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና «አይሸትም! ይሸታል ተብሎ አይሸትም! ተሸወድን!» እያለ ጮኸ። አጠገባችን የቆሙ ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ እኔም በቅርቡ እሸታለሁ» ቢሉት ደስ ብሎት ከእሳቸው ጋር ሊቀር ፈለገ።

እኔ ደግሞ እንደምታውቂው የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። ዛፉ ሁሉ ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ አለው፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተተከለ። እየቆምኩ አነባለሁ። ጋሊህ ቀሚሴን እየጎተተ «አያዬ፣ ዛፉ አይፈትንሽም፣ ዝም ብለሽ እለፊው!» ይለኛል። ኪናሲህ ሦስት ቅጠል ሥላ አራተኛው ላይ ወንድሟ ገፋትና ወረቀቱ ከተቀደደ በኋላ ለመሳል ፈቃደኛ አልሆነችም። ቲያስ አጋዘኖቹ ኩሬውን ተሻግረው ካልመጡልኝ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ተነሽ ብዬ ስጎትታት የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጠሰ። አንድ እግሯን በባዶ ስታነክስ ቆይታ አንዲት ደግ ሴት አሰረችላት።

እንዲህ እንዲህ ስንል ስምንት ሰዓት ሆነ። ከዚያም ዝናቡ መጣ። የቦጎርን ዝናብ አንቺም ቀምሰሽዋል፤ በባልዲ ነው የሚደፋው። ልጆቹ እንዳይታመሙ ይዣቸው ወደ መጠለያ ሮጥኩ፣ ከዚያም ወደ በሩ። መንታዎቹ ዛፎች ጋ ሳንደርስ ቀረን።

ይኸው ነው እህቴ። አዝናለሁ። የአላህ ውሳኔ ሆኖ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ዛሬ ከሱብሒ ሰላት በኋላ መልሼ አነበብኩት። ልቀደው ብዬ ተውኩት። እንዴት እንደምዋሽ በዓይንሽ ባታዪው እንኳ በጆሮሽ ስሚው። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሚኒባሱም፣ ሰልፉም፣ ጫማውም። ውሸቱ መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። የእኔ ውሸት ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ዙሪያውን በእውነት አጥሬ መሃሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለዚያች እመቤት ጆሮ አልጽፈውም። ማን እንደሚያነብልሽ ስጨርስ እነግርሻለሁ።

ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ከመንታዎቹ ዛፎች ሠላሳ እርምጃ አንርቅም ነበር። አየሁሽ።

እንደ ግድግዳ ከቆሙት ሥሮች መሃል ላስቲክ አንጥፈሽ ተቀምጠሻል። ነጭ ሻሽ፣ ቡናማ ቀሚስ። አንድ እግርሽን አጥፈሽ አገጭሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፈሻል። ዊናርቲ ከፋብሪካ ስትመለስ ደጃፋችን ላይ ልክ እንደዚያ ነው የምትቀመጠው። የትም ይሁን የት አንድ ሕፃን በጮኸ ቁጥር ፊትሽን ወደዚያ ታዞሪያለሽ። ሕፃኑ አልፎ ሲሄድ ትመልሺዋለሽ። ሌላ ሲጮኽ እንደገና። ምን ያህል ጊዜ እንዳዞርሽው ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ ልጆቹን ይዤ ከቀርከሃው ጀርባ ገባሁ።

ጋሊህ «ከማን ነው የምንደበቀው?» አለኝ። ዝም በል አልኩት። «ፖሊስ ነው?» አለ። ኪናሲህ «ፖሊስ ቢሆን አንተን አሳልፈን ሰጥተን እንገላገል ነበር» አለችው። እነዚህን ሁለቱን ዝም ሳሰኝ ቲያስ ከእጄ ማምለጧን አላየሁም። ስፈልጋት የተበጠሰ ጫማዋን በእጇ ይዛ እፊትሽ ቆማለች።

አዎ፣ እህቴ። ያቺ ሕፃን ናት።

ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ድምፄን ታውቂዋለሽ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። እዚያ ቆሜ አየሁሽ። ጫማውን ዓይንሽ ድረስ አስጠጋሽው፤ ከመሐረብሽ ጫፍ ቀደድሽ፣ አስገባሽ፣ ሁለት ጊዜ ቋጠርሽ፣ የተረፈውን ክር በጥርስሽ በጠስሽው፤ እናታችን እንደምታደርገው። ያን ቋጠሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም።

በኋላ ምን እንዳወራችሁ ጠየቅኳት። «ሴትዮዋ ‹የማን ልጅ ነሽ?› አለችኝ፤ ‹የአያዬ› አልኳት። ‹አያዬ ስሟ ማን ነው?› አለችኝ፤ ‹አያዬ ነዋ!› አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ፊቴን በእጇ እንዲህ እንዲህ አደረገችው» ብላ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን በጣቶቿ ነካካች። «ዓይኗ ያለቅሳል እሷ ግን አታለቅስም» አለችኝ። ጠብታው ነው አልኳት።

እንድታመጣት ኪናሲህን ላክኋት። «ይቅርታ እማማ፣ አስቸገረችዎት» እንዳለችሽ፣ አንቺም ድምፅዋን እንዳመሰገንሽላት ነገረችኝ። «ሴት አያትሽ ርቀው ነው ያሉት?» ስትያት «ኧረ እዚያው ናት፣ ቀርከሃው ጋ» ብላ በጣቷ አሳየችሽ። ቀና ብለሽ ወደ እኔ አየሽ። በቀጥታ ወደ እኔ። ራሴን ልሰውር እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ዓይንሽ ደረሰብኝና አልፎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ዝናቡ የመጣው። ልጅ የያዘው ሁሉ ወደ መጠለያው ሮጠ። እኛም ሮጥን። መጠለያው ካንቺ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሁሉም ሰው ገባ፤ አንቺ አልገባሽም። ላስቲኩን ከሥርሽ ስበሽ አናትሽ ላይ አደረግሽና ተቀመጥሽ። ጋሊህ «ያቺ ሴትዮ ለምን አትገባም? ዝናቡ አይታያትም እንዴ?» አለ። ኪናሲህ «ሰው እየጠበቀች ይሆናል» አለችው። ከሰዎቹ አንዱ እጁን እያወዛወዘ «እማማ፣ ይግቡ! ቦታ አለ!» ብሎ ጠራሽ። በእጅሽ ደህና ነኝ አልሽው።

ለምን እንዳልገባሽ እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ እኔ ብቻ አውቃለሁ። ምናልባት ልጆቹ እዚያ ጣሪያ ሥር ገብተው እንደሆነ ብለሽ ነው። ለዚህ እኮ ነው መናፈሻውን የመረጥሽው። መስመሩ በተጣመመው ደብዳቤሽ ላይ «መናፈሻው ጣሪያ የለውም፣ ሰማይ ነው። ማንንም አይጎዳም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ነገሩ የልጅ ልጅን አይነካም፤ የልደት ቀን አስልቶ ዕጣ የሚናገር ቀን ቆጣሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንቺ ግን ለእነሱም ሠጋሽ።

አሁን የምታውቂውን ልድገምልሽ፤ የማታውቂውን ለመናገር ልብ እንዳገኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው። አንቺ በተወለድሽበት ቀን፣ በሰባቱ የሳምንት ቀንም በአምስቱ የገበያ ቀንም ገጥማ፣ ሴት ልጅ ወለድሽ። አማትሽ ገና እትብቷ ሳይቆረጥ ነበር ቀኑን የቆጠሩት። «እናትና ልጅ በአንድ ቀን ተወልደው በአንድ ጣሪያ ሥር ካደሩ አንዷ ሌላዋን ትጫናታለች» አሉ። መድኃኒቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቱ ትጣላለች፣ ሌላ ሰው ያገኛታል፣ ከዚያ ወላጆቿ እንደ ባዕድ ልጅ ቀይና ነጭ ገንፎ ሰጥተው ይቀበሏታል። ክፉው ነገር የምትጫነውን እናት ሲፈልግ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠፋበታል። በሰፌድ አድርገን ከቆሻሻው ክምር አጠገብ አኖርናት። አንሺዋ እኔ እንድሆን የመረጥሽኝ አንቺ ነሽ። መጥረጊያዬን ይዤ እየጠረግሁ መጣሁና፣ እንደሚባለው፣ «ውይ፣ ማን ነው ልጅ የጣለው? እንግዲህ የኔ ናት!» አልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። አንቺም በመስኮት ሆነሽ እየሳቅሽ ነበር። እኔ ባል ካገባሁ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አልወለድኩም። ያንን ቃል ሳወጣው አልሳቅሁም።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን፣ ቀኑ ዞሮ ሲገጥም፣ ልትመለስልሽ ነበር። አንቺ ግን በወሊድ ትኩሳት ትቃጠይ ነበር። «ቀን ቆጣሪውን ጠይቂልኝ፣ አሁን ምን ይሻላል?» ብለሽ እኔኑ ላክሽኝ።

ሄድኩ። ሽማግሌው ትምባሆውን እያኘከ ጣቶቹን ቆጠረ። ከዚያ የተናገረው ይህ ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም፦ «ተጥላ ተገኝታለች፤ ነገሩ አልቋል። ነገ መልሷት፤ እናቷ የምትድነው ልጅቱን ታቅፋ ነው።»

እኔ ግን ሌላ ነገርኩሽ። በአንድ ጣሪያ ሥር ካደራችሁ፣ ዛሬም ሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ከሁለት አንዳችሁ ትሞታላችሁ አለ ብዬ ነገርኩሽ። አላለቀስሽም። «ከሁለታችን ማንኛችን?» ብቻ ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ልጅቱ» አልኩሽ።

«አንቺ» ብልሽ ኖሮ በዚያው ቀን መጥተሽ ትወስጃት እንደነበር አውቅ ነበር። ስለዚህ ነው «ልጅቱ» ያልኩሽ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። ባልሽ መንግሥት ለሚያድለው መሬት ተመዝግቦ ወደ ላምፑንግ ስትሄዱ ልትሰናበቺኝ መጣሽ፤ ቤቴ ግን አልገባሽም። ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ በእጄ ላይ እንዳለች አየሻት። እሷ እጇን ዘረጋችልሽ፤ አንቺ እጅሽን ወደ ኋላሽ አደረግሽ። ዓመት ሳይሞላ እኛም መንደሩን ለቅቀን ወደ ቦጎር መጣን። ለሥራ ነው አልን። መንደሩ ስለሚያውቅ ነበር።

ሰው «በራሷ ፊደል ቆጠረች» እያለ ያደንቀኛል። የተጠበሰ ቁርስ ከሚጠቀለልበት አሮጌ የፈተና ወረቀት ላይ አንድ በአንድ የለቀምኩት ብልህ ሆኜ አይደለም። የላክሽልኝን ደብዳቤ ጎረቤት ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ፣ ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ፣ ሞቴን እመኝ ስለነበር ነው። አንቺ ግን የሚያጋልጠኝ ነገር አንድም ቀን አልጻፍሽም። «ታማ ታውቃለች ወይ? እንቅልፏ እንዴት ነው? ሳል አለባት?» ብቻ። ደህና መሆኗን ስጽፍልሽ ደግሞ መራቅሽ እንዳዳናት እየቆጠርሽ አላህን ታመሰግኚ ነበር። ያንን ምስጋና ስንት ዓመት ሙሉ አነበብኩት።

ባለቤቴ ያውቅ ነበር። አላህ ይማረውና፣ ሊሞት ሰሞን «እኔ ዝም ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው፤ አንቺ ዝም ያልሽው ለማን ብለሽ ነው?» አለኝ። ለልጅቷ ብዬ ልል ፈለግሁ። አያምነኝም ነበር። እኔም ራሴን አላመንኩትም። ስድስት ዓመት ሆነኝ ለብቻዬ ስቀር፤ መልሱን ባገኘሁት ቁጥር እጄ ላይ ይቀልጣል።

እንግዲህ ከቀርከሃው ጀርባ ያስገባኝ ይህ ነው። ታጋልጪኛለሽ ብዬ አልፈራሁም። አንድም ነገር ልትናገሪ አልመጣሽም ነበር። ቁጣሽን ቢሆን እችለው ነበር፤ ጥንቃቄሽን አልቻልኩትም። በዝናብ የምትበሰብሺው በእኔ ቃል መሆኑን እያወቅሁ ከደረቁ ቦታ ቆሜ አየሁሽ፤ እዚያም ሆኜ አልጠራሁሽም። ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹን ከወዲያኛው በር አወጣኋቸው። መንገድ ላይ ጋሊህ «አያዬ ለምን ትቆጫለሽ? እኛ ምን አደረግን?» እያለ አለቀሰ። ምንም አላደረጉም። ቀኑን ሙሉ ስጮኽባቸው የዋልኩት በእነሱ አልነበረም።

አሁን ስለ አንባቢሽ ልንገርሽ።

ይህን ደብዳቤ ነገ ረቡዕ የምታመጣልሽ ሰው ከፋብሪካዋ ፈቃድ ጠይቃለች። ሦስቱንም ልጆች ይዛ ትመጣለች። «ለማንም እንዳትሰጪው፣ ራስሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢላት፣ አንድም መስመር እንዳትዘልዪ» አልኳት። «እንዴ፣ ምን የሚያስቸኩል ነገር ተገኘ? ሥራ አስቀርተሽኝ!» አለችኝ። «አክስትሽ ሐሙስ ትሄዳለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ያንቺ ንባብ ጥሩ ነው» አልኳት። ንባቧ በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ልነግራት ሦስት ጊዜ ጠርቻት ነበር። አንዴ ጨው ግዢ አልኳት፣ አንዴ በሩን ዝጊ አልኳት፣ ሦስተኛውን ረሳሁት።

ድምፅዋ ከተቆረጠ አታስቸኩያት። ውሃ አጠጫት። ስትደነግጥ ዝም ትላለች፤ ዝም ማለቷ መጥላቷ አይደለም፣ ጊዜ ስጫት። እኔን ከሰደበችኝም አትከልክያት። ተመልሳ ወደ እኔ መምጣት ካልፈለገች ልብሷን በኪናሲህ እልክላታለሁ። ለልጆቹ ግን ቀስ ተብሎ ይነገራቸው፤ ጋሊህ አፉ ይቀድመዋል እንጂ ሆዱ ስስ ነው።

አላህ ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለዕድሜሽ በረከት ይስጥሽ። ልጆችሽን፣ ሁለቱንም፣ የልጅ ልጆችሽንም ሁሉ ይጠብቅልሽ። ለራሴ ምንም አልለምንም፤ ብለምንም ካንቺ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አውቅሻለሁ፤ እንደደረሰች ከበር ሮጠሽ ወጥተሻል፣ «እዚሁ እንሁን፣ ውጪው ነፋሻ ነው» ብለሻታል። ይህን መስመር የምታነብልሽ ግቢው ውስጥ ቆማ ነው፤ ልጆቹም በረንዳው ላይ እንዳይወጡ ከልክለሻቸዋል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይዘንባል። ተነሱና ግቡ። ማንም አይሞትም።

ታላቅ እህትሽ፣
ለምታነብልሽም አሳዳጊዋ